«ከዚያ በፊት ምን ነበር?» የሰባት ወር የስኳር ደብተራችን

ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆድ 131። ትናንት ማታ ግማሽ እንጀራ በምስር፣ ጎመን በርከት ብሎ። ከራት በኋላ 25 ደቂቃ የእግር ጉዞ። እንቅልፍ 7 ሰዓት። ኪኒን ተውጧል።

በየጠዋቱ ለአራት ሰዎች የምልከው መልእክት ይህን ይመስላል። እነሱም የራሳቸውን ይልኩልኛል። አምስታችንም ስኳር አለብን። የተዋወቅነው ባለፈው ጥቅምት ለክትትል ቀጠሮ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። ከንጋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀምጠን፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት አየና ጨዋታ ተጀመረ። የእኔ ወረቀት ላይ የሶስት ወሩ ምርመራ 9.4 ይላል።

ይህን ምርመራ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል። አንድ ቀይ የደም ሴል ደግሞ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ምርመራው ያለፉትን ሁለት ሶስት ወራት አማካይ ያሳያል። 9.4 ሲሆን፣ በየቀኑ ጣት ተወግቶ በሚለካው ቁጥር አማካዩ 223 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው ከ7 በታች ነው፤ 7 ማለት አማካዩ 154 ገደማ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ ሶስት ቀን ተጠንቅቆ መብላት ይህን ቁጥር አይቀይረውም። እኔ ዓመታት ያን ሳደርግ ኖሬያለሁ።

«ጋሼ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደብተሩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። እትዬ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ፤ ኢንሱሊን ከጀመሩ ቆይተዋል። ሹፌሩ ከሜክሲኮ ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳል። ትንሿ ልጃችን አምስት ኪሎ ተማሪ ናት። የእሷ አይነት አንድ የሚባለው ስኳር ስለሆነ፣ ሰውነቷ ኢንሱሊን አያመርትምና ያለ ኢንሱሊን አንድ ቀንም መዋል አትችልም። እኔ ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አንዲት ሻይ ቤት እንሰበሰባለን።

የመጀመሪያው ወር ጥሩ አልነበረም። የምንላላከው ቁጥር ብቻ ነበር። «140» ሲባል «ጎበዝ!» ይባላል። «230» ሲባል «ምን በላሽ?» ይመጣል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ጠዋት ጠዋት ጣቴን ስወጋ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ህዳር ውስጥ አንድ ቀን ማሽኑ 213 አለኝ። እኔ 138 ብዬ ላክሁ። ጋሼ ወዲያው «ጎበዝ ልጄ» ብለው መለሱ። ያ «ጎበዝ ልጄ» ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ዋለ። በሥራዬ አንድ ብር ሲጎድል ሌሊት የማልተኛ ሰው ነኝ። የራሴን ደም ሒሳብ ግን በገዛ እጄ አጭበረበርኩ።

ቅዳሜ ሲደርስ ተናገርኩ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ሹፌሩ አቀርቅሮ «እኔ ሁለቴ» አለ። እትዬም «እኔ እንኳ አልዋሽም፤ ሲበዛብኝ ዝም ነው የምለው» አሉ። ጋሼ ደብተሩን ዘጉትና ስለ ማስተማር ዘመናቸው አወሩ። «የተማሪን መልስ ብቻ ካየሁ የት ጋ እንደሳተ አላውቅም። አሠራሩን አሳየኝ ነው የምለው። ከዛሬ ጀምሮ እኛም አሠራሩን እንጻፍ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ብቻውን አይላክም። ምን እንደተበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተተኛ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደተወሰደ፣ በእግር ተሄዶ እንደሆነ፣ ህመም ወይም ጭንቀት ካለ አብሮ ይጻፋል። ቁጥሩን የሚያየው ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከዚያ በፊት ምን ነበር?»

ደብተሩ መናገር የጀመረው ያኔ ነው።

የእኔ ችግር ጠዋት ነበር። በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 እንዲሆን ነው የተነገረኝ። እኔ ሁልጊዜ ከ180 በላይ ነኝ። ራቱ ነው ብዬ ራት ተውኩ፤ ጠዋት ያው ነው። ነርሷን ሳማክራት ሁለት ሶስት ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ እንድለካ ነገረችኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት 142፣ ንጋት 12 ሰዓት 186። በመሃል እህል አልቀመስኩም። ንጋት ሲቃረብ ሰውነታችን ለመንቃት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያደርጋሉ። ጤነኛ ሰው ላይ የራሱ ኢንሱሊን ያስተካክለዋል፣ እኛ ላይ ግን ስኳሩ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጠን ስናይ ሹፌሩም ልጃችንም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ወራት ሙሉ ሶስታችንም ሆዳችንን ስንወቅስ ኖረናል። ወረቀቱን ለሐኪሜ አሳየሁ፣ የኪኒኑን መጠን አስተካከለልኝ። ራት መብላትም ጀመርኩ።

የእትዬ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ጠዋት ሲልኩ «ላብ አጥምቆኝ፣ ልቤ እየመታ ነቃሁ» የሚል ይደጋገማል። እሳቸው ቅዠት ነው ብለው ትተውት ነበር። ሌሊት ሲለኩ 58 ሆነ። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ማታ የሚወጉት ያ ደፍረስ የሚለው ኢንሱሊን ከተወጋ ከአራት ሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው የሚበረታው። በራት ሰዓት ሲወጉት ጉልበቱ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ይመጣል ማለት ነው። ሐኪማቸው ሰዓቱን ወደ መኝታ አዘዋወረላቸው። ያ ላብ ቆመ።

ምሳ ላይ ሙከራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ምሳዬ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 246። በሌላ ቀን ያንኑ በልቼ ወዲያው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ አቅጣጫ 20 ደቂቃ በእግር ተጓዝኩ። 194። በሶስተኛው ሰላጣና ጎመኑን አስቀድሜ፣ እንጀራውን ግማሽ አድርጌ፣ ጉዞዬንም ሄድኩ። 161። ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ከሆነ ደህና ነው። አንድ ቀን ማስረጃ አይሆንምና በሌሎች ሳምንታትም ደገምኩት። ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ የእግረኛው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ማታም መብራት ስላለው ለእኔ ትልቅ ነገር ሆኖልኛል። ሹፌሩ መሪ ላይ ስለሚውል ተራ ሲጠብቅ ወርዶ በመኪናው ዙሪያ መመላለስ ጀምሯል።

ይህን ሁሉ ሁላችንም አንለካም። ስትሪፕ፣ ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ደም የሚነካው ቁራጭ፣ ውድ ነው። አንዳንዴም ከፋርማሲ ይጠፋል፤ የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄውን ተካፈልነው። ባለፈው የእኔ ጥያቄ ምሳ ነበር፣ የጋሼ ቁርስ፣ የሹፌሩ ከእንቅልፍ ማነስ በኋላ ያለው ጠዋት። አንዱ ያገኘውን ሌላው በራሱ ላይ በአንድ ሁለት ስትሪፕ ያረጋግጣል። አቅማችን የሚፈቅደው ይህን ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። የምንካፈለው ቁጥሩን ነው። መውጊያ መርፌ በምንም መንገድ አንካፈልም፣ ባልና ሚስት ቢሆኑም። በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ አለ። መድኃኒትም አንካፈልም። ጥር ላይ ሹፌሩ የጋሼን ቁጥር አይቶ «ያቺን ኪኒን እኔም ልሞክራት» ብሎ ነበር። እትዬ ተቆጥተው አስቆሙት። ግብም አንካፈልም። ለጋሼ ሐኪማቸው ከ8 በታች ይበቃል ብሏቸዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሲወርድባቸው ይበልጥ አደገኛ ነው። የእኔን ከእሳቸው ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ትንሽ ነገር ደግሞ ልጨምር። ልጃችን አንድ ቀን ብርቱካን ልጣ 312 አየች። ኢንሱሊን ልትጨምር ስትል ጋሼ «እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ድገሚው» አሏት። 141። ጣቷ ላይ የቀረው የብርቱካን ውሃ ነበር። በ312ቱ ብትወጋ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስብ እስካሁን ይከብደኛል።

ከሁሉም የከበደን ጾም ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሹፌሩ አስቀድሞ ሐኪሙን አማክሮ የኪኒኑን ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር አዘዋወረ። የጠየቃቸው ሼህ መለካት ጾም አያፈርስም ብለውታል። የእሱ ፈተና ማታ ነበር። ቴምር፣ ሳምቡሳና ጁስ በአንዴ ሲመጡ 290 ደረሰ። በኋላ በአንድ ቴምርና ውሃ ፈትቶ፣ ሰግዶ፣ ከዚያ ሾርባና ምግብ ሲያደርግ ወደ 190 ወረደ።

ጋሼ ግን ለሐኪማቸው አልነገሩም። የሚወስዱት ኪኒን ቆሽትን እያስገደደ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ነው። ሳይበሉ ሲወስዱት ስኳር ይጥላል። የስቅለት ዕለት ጠዋት «88። ኪኒን ወስጃለሁ። ወደ ስግደት» ብለው ላኩ። እኔ አይቼ አለፍኩት። ልጃችን ግን «ጋሼ፣ ሳይበሉ?» ብላ ጻፈች። መልስ የለም። ደወለች፣ አይነሳም። ከአምስት ኪሎ በእግሯ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወረደች። ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ላብ በላብ ሆነዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ተምታቷል። ስትለካቸው 54። ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘውን ስኳር አራት የሻይ ማንኪያ ያህል በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 66። ደገመችላቸው። ከሌላ 15 ደቂቃ በኋላ 92፣ ከዚያ ዳቦ አበላቻቸው። አስቀድሞም የንስሐ አባታቸው ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላ ነግረዋቸው እንደነበር ያን ቀን ማታ ጻፉልን። «አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ» አሉ።

እኔ ያን 88 አይቼ ማለፌ አሁንም ያመኛል። ቁጥሩ ጥሩ ስለነበር አሠራሩን አላነበብኩም። አሁን ጥሩ ቁጥር ሲመጣም ያው ጥያቄ ይጠየቃል።

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ አንድም ሰው አልላከም። ማክሰኞ ጠዋት ልጃችን ቀደመች። «287። ድፎ ዳቦ ሁለት ቁራጭ፣ ዶሮ ወጥ፣ ኢንሱሊን አሳንሼ ወግቻለሁ።» ከዚያ 241 መጣ፣ 264 መጣ፣ የእኔም 229። ደብተሩ ላይ ሰኞ ባዶ ነው። ጋሼ በእርሳስ «ዝም ብለናል» ብለው ጽፈውበታል።

የሶስት ወሩ ምርመራዬ ጥር ላይ 8.1፣ ሚያዝያ ላይ 7.6 ሆነ። ገና ከ7 በታች አልገባሁም። የእትዬ ከ8.8 ወደ 8.7 ብቻ ነው የወረደው። ሌሊት መውረዱ ስለቆመ ግን ከሁላችንም የበለጠ ያተረፉት እሳቸው ናቸው እላለሁ። ይህን ወረቀቱ አያሳይም።

በሚያዝያው ቀጠሮ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ወረቀቷን አራት አጥፋ ጨብጣዋለች። ከጥቂት ወሬ በኋላ ገልጣ አሳየችኝ፤ 11.2። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ አሠራሩን የምንጽፍበትን መስመር ሠራሁላት። ስልክ ተለዋወጥን። ሁለት ሳምንት ምንም አልላከችም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ላከች።

«ይቅርታ። 264።»

ጋሼ «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» አሏት።

«ልጄ ታሞብኝ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት።»

ቀጥሎ የገባው የእትዬ መልእክት ነበር። «ልጁ እንዴት አደረ?»