ባሕሩ ለምን ሰማያዊ አልሆነም?

ጅማ ውስጥ ሥዕል የሚገዛ ሰው የሚፈልገው የታወቀ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ቡና የምትለቅም ልጅ፣ ወይ ደግሞ ጀበናና ረከቦት ከነጭሱ። ከዚህ ከወጣህ ሥዕልህን ተሸክመህ ወደ ቤትህ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን የጅሬንን ኮረብታ፣ የቦዬን ረግረግና የአዌቱን ወንዝ ዳር ሲሥሉ የኖሩት ሰዓሊያችን የምጽዋን ባሕር ዳርቻ በዘይት ቀለም ሠርተው አንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት ሲባል ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑ።

ሰዉ ግን አልወደደውም። ቡናውን ፉት እያለ ቀና ይልና "ይሄ ባሕር ነው እንዴ? ሰማያዊው የታለ?" ይላል። አንዱ ደግሞ "ኧረ ይሄ በነሐሴ የሞላ አዌቱ ነው" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶታል። ቀልዱ ያስቃል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ጋሼ ከሠሯቸው ሥዕሎች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው ባይ ነኝ። የሚበልጠውም ሰዉ በጠላው ነገር ነው።

እስቲ ከላይ ወደ ታች እንውረድበት። አድማሱ የተሰመረው ከሸራው ላይኛው ሲሶ ላይ ነው። ከሥሩ አንዲት ቀጭን ግራጫ ሰማያዊ መስመር አለች፤ ሰማያዊ ካላችሁ ያቻትላችሁ። ከዚያ ወደ እኛ ሲመጣ ውኃው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ፣ አሸዋው ጋ ሲደርስ ጭራሽ ቡናማ ነው። ጋሼ ይሄን ከሆዳቸው አላወጡትም። ውኃ ሰማያዊ የሚሆነው ጥልቅ ሲሆን ነው፤ የብርሃኑን ቀይ ውጦ ሰማያዊውን ስለሚመልስ። ዳር ላይ ጥልቀት የለም። ብርሃኑ ሳይዋጥ አሸዋው ላይ ይደርስና የአሸዋውን ቀለም ይዞ ይመለሳል። ሞገዱም አሸዋውን ከሥር እያነሳ ያደፈርሰዋል። በዚያ ላይ ማለዳ ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ እንዲህ ሲሆን ራቅ ያለው ውኃ በአብዛኛው የሰማዩን ቀለም ነው የሚያሳየው። የካሌንደር ባሕር የለመደ ዓይን ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። የካሌንደሩ ፎቶ ከላይ፣ በቀትር የተነሳ ነው። ጋሼ ግን እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ነው የቆሙት።

ማለዳ መሆኑን በምን አወቅህ የሚል አይጠፋም። ቡና ቤቱ ራሱ ሥዕሉን ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ "ፀሐይ ስትጠልቅ" ብሎ ነው የጻፈበት። ምጽዋ ላይ ግን ሰፊው ባሕር በምሥራቅ በኩል ነው። ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች፣ ማታ የምትገባው ከኋላ፣ በደጋው በኩል ነው። ከባሕሩ አድማስ በላይ የተንጠለጠለች ፀሐይ ካየህ ጠዋት ነው፣ አለቀ። ለጋሼ ይሄን ስነግራቸው "ታዲያ ምን መስሎህ ነው ልጄ፣ እኔ እኮ የንጋት ተረኛ ነበርኩ" አሉኝ።

ተረኛ ያሉት በባሕር ኃይል ጊዜያቸው ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ምጽዋ ነበሩ። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ እሳቸው ቀደም ብለው ታመው ወደ ጅማ ተመልሰዋል። ስለዚያ ብዙ አያወሩም፣ እኔም አልጎረጎርኩም። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ባሕር አላዩትም። የሚያወሩት ስለ ሙቀቱ ነው። ጥዋለትንና የጥንቷን ከተማ የያዘችውን ደሴት ከየብሱ ጋር ስለሚያያይዘው መንገድ፣ ከኮራል ድንጋይ ስለተሠሩት አሮጌ ቤቶች፣ በሌሊት ሰገነት ላይ ወጥቶ ስለመተኛት። ይሄን ሁሉ ያወሩና ሥዕሉ ላይ ግን አንድም ቤት የለም። ውኃ፣ አሸዋ፣ በጎኑ የተጋደመ ሳምቡክ (የእንጨት ጀልባ) እና ሰማይ፤ በቃ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላዩትን እንዴት ይሥላሉ ለሚል፣ ይሄ ጥያቄ ድሮም የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ዩዤን ቡዳን እ.ኤ.አ. በ1824 ኦንፍለር በምትባል የኖርማንዲ የወደብ ከተማ የተወለደ የመርከበኛ ልጅ ነው። ቀለሙን ይዞ ባሕሩ ዳር እየወጣ ይሥል ነበር፤ የንድፍ ሥዕሎቹ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር ይጽፍባቸዋል። ወጣቱን ሰዓሊ ክሎድ ሞኔን ከቤት አውጥቶ ደጅ እንዲሥል የገፋፋውም እሱ ነው። በሌላ በኩል ኢቫን አይቫዞቭስኪ አለ። ክራይሚያ ውስጥ ፌዮዶሲያ ተወልዶ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1900 የሞተ፣ ወደ 6,000 ሥዕል ሠራ የሚባልለት የባሕር ሰዓሊ። ጥቁር ባሕር ደጁ ላይ እያለ ትልልቅ ሥዕሎቹን የሚሠራው ክፍል ውስጥ ገብቶ በትዝታ ነው። የሞገድን እንቅስቃሴ እያዩ በብሩሽ መያዝ አይቻልም ብሎ ያምናል። ሞገድ እኮ ቁም ቢሉት አይቆምም።

ጋሼ በጠባያቸው ወደ ቡዳን ያደላሉ። የቦዬ ሥዕሎቻቸውን ገልብጣችሁ ብታዩ ከጀርባቸው በእርሳስ "ጠዋት 2 ሰዓት፣ ደመና ከምዕራብ" የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የባሕሩን ሥዕል ፈቅደውልኝ ገልብጬ አየሁት። ከፊርማቸው በቀር ምንም የለበትም።

አሁን የግራውን ታች ጥግ ላሳያችሁ፤ እኔ ቀርቤ ብዙ የቆየሁት እዚያ ነው። ሞገዱ ወጥቶ የተመለሰበት እርጥብ አሸዋ አለ። ሰማዩ አሸዋው ላይ ይታያል፣ ግን ደብዘዝ ብሎ፣ ወደ ሐምራዊ ሄዶ። ከዚያ አረፋው። ጀማሪ ሰዓሊ አረፋ ሲሥል ነጭ ቀለም ከቲዩቡ ጨምቆ ይለጥፋል። እዚህ ጋ አረፋው ግራጫ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ወደ እኛ የሚያየው ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው። ንጹሕ ነጭ ያለው የአረፋው ጠርዝ ላይ፣ ብርሃኑ በሚያልፍበት ብቻ ነው፤ እሱም በስፓቱላ ጫፍ አንዴ ተነክቶ የተተወ። ሁለተኛ ቢነኩት ይበላሽ ነበር። ከአረፋው ሥር አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አለች፣ የራሱ የአረፋው ጥላ። ያቺን መስመር በጣታችሁ ሸፍናችሁ እዩ (ሳትነኩት!)፣ ውኃው ወዲያው ጠፍጣፋ ይሆናል።

ሞገዱ ትንሽ ነው ብለው የሚያማርሩም አሉ። ከምጽዋ ፊት ለፊት እኮ የዳህላክ ደሴቶች ተደርድረዋል፣ ከሰፊው ባሕር የሚመጣውን ማዕበል ይሰብራሉ። ቤት የሚያክል ሞገድ የፈለገ አይቫዞቭስኪን ይይ።

የማልስማማው ደመናው ላይ ነው። ቀኝ ላይኛው ጥግ ያለው ደመና ከባድ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ሆዱ የወረደ ነው። ምጽዋ ዝናብ የሚያንሳት አገር ናት። ይሄን ብላቸው "እዚያ የሚዘንበው በእናንተ በጋ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር" አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ይሁን እሺ፤ ግን ያ የታኅሣሥ ደመና አይደለም። ያ ከጅሬን ላይ ሆነህ የምታየው የሐምሌ ደመና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሊያወርደው ሲል። የሥዕሉን ቀኝ ጎን ያከብደዋል፣ ለእኔ። እሳቸው አልተቀበሉኝም።

ባሕር ከአገራችን ሥዕል ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ፈርዖን ከነሠራዊቱ ሲሰጥም፣ ፈረሱና ሰዉ ውኃው ውስጥ ሲተራመስ ታያላችሁ። ግን እዚያ ባሕሩ ታሪኩን ለመናገር ነው የገባው፤ ሰው ከሌለበት ባሕሩም የለም። ባዶ ዳርቻን ለራሱ ብሎ መሣል ለእኛ ገና አዲስ ነገር ነው። ሰው የቡና ቤቱን ሥዕል አይቶ "ታዲያ ሰዎቹ የታሉ?" የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። ሸራው አቡጀዲ ነው፣ በእንጨት ቴላዮ (መወጠሪያ ፍሬም) ላይ ተወጥሮ ኮላና ጄሶ የተቀባ። ጄሶው ላይ ጋሼ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ያቀጠኑት ቀይ አፈር ቀለም ሙሉውን ይቀባሉ፤ ሁሉንም ሥዕላቸውን እንዲህ ነው የሚጀምሩት። ይሄ ቀይ አድማሱ ላይና ሳምቡኩ ጎን ላይ ሳይሸፈን ቀርቷል፣ ግራጫውን ሞቅ ያደርገዋል። የዘይት ቀለም ማለት በአብዛኛው በተልባ ዘይት የታሸ ዱቄት ነው። የሚደርቀውም በመትነን አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ለዚህ ነው ላዩ በቀናት ደርቆ ቢነካም ውስጡ እስኪጸና ወራት የሚፈጀው። ከታች የቀጠነው፣ ከላይ ዘይት የበዛበት ይቀባል። ከገለበጥከው ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በነገራችን ላይ ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሲደርቅ ይግላል፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን የተሰቀለበት ቦታ ግን ያናድደኛል። ከሥሩ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ግድግዳው ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት ያነሳል። እርጥበት ሲገባው ኮላና ጄሶው ያብጣል፣ አቡጀዲው ይላላል፣ ደረቅ ሲሆን መልሶ ይወጠራል። ቀለሙ ግን አብሮ መለጠጥ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ቀኑን ሙሉ የተሠራበትን እርጥብ ጨርቅ ይዘው ሊወለውሉት ሲሉ ደርሻለሁ። አቧራ ካለው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ በቀስታ። ከዚያ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው። ጨለማ ጓዳ ውስጥ መደበቅም መፍትሔ አይሆንም፤ የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ይበልጥ ይቢጫል። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው፣ ብርሃን ያለበት ደረቅ ግድግዳ ቢሰጡት ይበቃዋል። ባለቤቱ "እሺ፣ እናያለን" ብሎኛል። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ባለፈው አንድ ነጋዴ ሥዕሉን ሊገዛ መጥቶ ነበር። ዋጋው ላይም አልተከራከረም፤ "ባሕሩን ብቻ ትንሽ ሰማያዊ ያድርጉልኝ፣ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ" አላቸው። ጋሼ አልተቆጡም። "እሱ ይቅርብህ፣ አባ ጅፋርን ሰማዩን ጥርት ያለ ሰማያዊ አድርጌ እሠራልሃለሁ" አሉት። ሰውየው ደስ ብሎት ቀብድ ከፍሎ ሄደ።