መጀመሪያ ጥቁሩን እዩ

ፎቶ እያተምኩ እንደምሸጥ የሚያውቁ የጎንደር ፒያሳ ልጆች ሰሞኑን ስለ ፎቶ ፕሪንተር አንድ ጥያቄ ይዘው ነው የሚመጡት። «ዳይ ከሚባለው የፕሪንተር ቀለም ወጥቼ ፒግመንት ወደሚባለው ልገባ ነው፣ የቱ ማሽን ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ምን ልታትሙበት?

ለጉርድ ፎቶ፣ ለሠርግ አልበም ከሆነ እዚያው ዳይ ላይ ቆዩ። ኤፕሰን ኤል 805 እና ኤል 1800 ለሚባሉት ፕሪንተሮች ፋብሪካቸው የሚያቀርብላቸው ዳይ ነው። ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ወረቀት ላይ ቁልጭ ያለ ፎቶ ያወጣሉ፣ ወጪያቸውም አይጎዳም። አልበም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚኖረው። ነገሩ የሚለየው ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲወጣ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የበጋ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ዳይ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ብርሃኑም፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞንም ቶሎ ይጎዳዋል። ፒግመንት ግን ሳይሟሟ የተንሳፈፈ ደቃቅ ዱቄት ነው። የዱቄቱ ላይ ላዩ ቢጎዳ ውስጡ ይተርፋል። ለሆቴል የማትመውን ሁሉ በፒግመንት ነው የማትመው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ቀለም ቆጠራው ላይ ነው። ሰው ማሽኑ የሚይዘውን ቀለም ቆጥሮ «አስር ነው፣ አስራ ሁለት ነው» ይላል። እኔ የማየው ጥቁሩን ነው። የዚህ ከተማ ፎቶ እኮ ግማሹ ጨለማ ነው። የከተራ ሌሊት፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጡ፣ የፋሲል ግንብ በሮች ጥላ። ለፎቶ የተሠራ ደህና የፒግመንት ማሽን ሁለት ጥቁር ይይዛል፤ ፎቶ ብላክ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ማት ብላክ ለማት፣ ማለትም ለማያብረቀርቀው። ፎቶ ብላክን ማት ላይ ካተማችሁት ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ማት ብላክ ደግሞ ግሎሲ ላይ አይይዝም፣ ጣት ሲነካው ይነሳል። ኤፕሰን ፒ 800 የሚባለው የፒግመንት ማሽን ላይ ሁለቱ አንድ የቀለም መስመር ይጋራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው በቀየራችሁ ቁጥር ማሽኑ መስመሩን ለማጽዳት ቀለም ይደፋል፤ ያ ቀለም ገንዘባችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት ፒ 700 እና ፒ 900 ላይ ግን መስመራቸው ተለያይቷል። ለእኔ ይሄ ከተጨማሪ ቀለም ይበልጣል።

ከጥቁሩ ቀጥሎ ነጩ። የጥምቀት ፎቶ ማለት ነጠላ ማለት ነው። እነዚህ ማሽኖች ነጭ ቀለም የላቸውም፣ ነጭ ሆኖ የሚታየው ባዶው ወረቀት ነው። በፒግመንት ግሎሲ ላይ የታተመች ነጠላ የለበሰች ሴት ፎቶ ካላችሁ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ዘንበል አድርጉት። ፊቷና ጥለቱ ቀለም ስላረፈባቸው አንድ ዓይነት ያበራሉ። ነጠላው ባዶ ስለሆነ ሌላ ዓይነት ያበራል። ጠርዙን ስታዩት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ከኋላዋ ያለው ጥላ ላይ ደግሞ መዳብ መዳብ የሚል ነጸብራቅ ብልጭ ይላል። ካነን ፕሮ 1000 ከአስራ ሁለቱ ታንኮች አንዱን ክሮማ ኦፕቲማይዘር ለሚሉት ቀለም አልባ ፈሳሽ የሰጠው ለዚህ ነው። ገጹን በሙሉ እንዲሸፍን ካዘዛችሁት ልዩነቱን በደንብ ይቀንሰዋል። እኔ ግን ጥምቀትን ማት የጥጥ ወረቀት ላይ ነው የማትመው። ጥቁሩ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ አልክድም። ነጠላው ግን ነጠላ ይመስላል።

በጠርሙስ እየተቀዳ «ፒግመንት ነው» የሚባለውን ሳትፈትኑ አትመኑ። ተራ ወረቀት ላይ አትሙበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉበት። ከተንዘላዘለ ዳይ ነው፣ ባለሱቁ የፈለገውን ይበል። ትክክለኛ ፒግመንት ሆኖ ቢገኝም ለኦሪጅናሉ ቀለም የተሠራው የወረቀት ፕሮፋይል (ለዚያ ወረቀትና ቀለም ማሽኑ ምን ያህል ቀለም እንዲረጭ የሚነግረው ፋይል) ስለማይገጥመው የፊት ቀለም ይዛባባችኋል።

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ መብራት ነው። ፕሪንተር በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱን፣ ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ ወደ ማረፊያው መልሶ ይከድነዋል። ኅትመት መሃል መብራት ድርግም ካለ ግን ሄዱ እንደተከፈተ ይቀራል፣ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ፒግመንት ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ የጀመረውን ገጽ ጨርሶ በደንብ እስኪጠፋ የሚያቆየው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ ዕቃ፣ ያስፈልገዋል። ሥራ ባይኖርም በየሳምንቱ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹ አለመደፈናቸውን የሚያሳይ የሙከራ ኅትመት) አድርጉ። ለዩፒኤሱ ብር ካልተረፋችሁ ፒግመንቱን ለጊዜው ተዉት።