ኦዳሲቲ 3 እና የጠፋብኝ ኤዲት

የሰፈራችንን እናቶች ተረት በስልክ እየቀዳሁ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ማጽዳት ከጀመርኩ ወዲህ ጆሮዬ ብዙ ተምሯል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጸጥታ የለም። ውሻው፣ ዶሮው፣ የግንባታው ሚክሰር ሁሉም ይገባል። ኖይዝ ሪዳክሽኑን (ጫጫታ መቀነሻውን) ከፍ ካደረጉት የእማማ ድምፅ ከጣሳ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ ዝቅ አድርጎ መጠቀም ይሻላል። ሳል እቆርጣለሁ። ዝምታን ሁሉ ግን አልቆርጥም። «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» እስክንላቸው የሚጠብቁባት ፋታ የተረቱ አካል ናት።

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ግን ከአፕዴቱ በኋላ የጠፋብኝን ሥራ ነው።

ለረጅም ጊዜ የሠራሁት በድሮው ቨርዥን 2 ነበር። እሱ አንድ ትንሽ ፋይልና በጎኑ የዳታ ፎልደር ይፈጥራል፤ ድምፁ ፎልደሩ ውስጥ ተቆራርጦ ይቀመጣል። ሁለቱን አብሮ መገልበጥ ነው፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 3.0 ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ከተተው። ፋይሉ ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ ነው። ለውጡን ወድጄዋለሁ፤ ፎልደሩ ከፋይሉ ተለያይቶ የሚቀርበት ጣጣ ቀርቷል።

እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። ስለዚህ ማታ ማታ ሥራዬን ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ከአፕዴቱ በኋላም ሴቭ አድርጌ፣ ፕሮጀክቱ ክፍት እንዳለ፣ ያንን አንድ ፋይል ገለበጥኩ። ወዲያው ዊንዶውሱ ተበላሸና ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ። ፍላሹን ስከፍት የጅቡና የአህያዋ ተረት ግማሹ ጭራሽ ያልተነካ ነው። የመጨረሻዎቹ ምሽቶች ሥራ የለም። በጣም አዘንኩ። ደግነቱ ዋናው ቅጂ ስልኬ ላይ አለ፤ እማማ አንድ ተረት ሁለቴ በአንድ ዓይነት አያወሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ ክፍት እያለ አዲስ ለውጥ መጀመሪያ የሚጻፈው ጎኑ ላይ በሚፈጠር ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ የስሙ መጨረሻ «ዋል» (-wal) ይላል። ወደ ዋናው የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ፕሮጀክቱ በደንብ ሲዘጋ የቀረው ይገባና ጊዜያዊው ይጠፋል። ሴቭ ብትሉም፣ ሳትዘጉ ዋናውን ብቻ ከገለበጣችሁ የመጨረሻው ሥራ ሊቀር ይችላል። አሁን ዘግቼ፣ «ዋሉ» መጥፋቱን አይቼ ነው የምገለብጠው።

ፍላሹ የተዘጋጀበትንም የፎርማት ዓይነት እዩት። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በ32 ቢትና በ44,100 ኸርዝ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ (ባለሁለት ቻናል) ድምፅ 1.27 ጊጋባይት ገደማ ነው። ክፍት ሆኖ ኤዲት ሲበዛበት ደግሞ ያብጣል፤ ወደኋላ መመለሻው እዚያው ስለሚቀመጥ። ለአንድ ሰው ድምፅ ሞኖ (አንድ ቻናል) ይበቃል፤ መጠኑም በግማሽ ይቀንሳል።

የጅቡን ተረት ከመጀመሪያው እያጸዳሁት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቸግሬያለሁ፦ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አህያዋን ያናግራሉ። ቃላቸውን ሳይጎዳ ዝናቡን ያለዘበ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።