ከግዳጅ በኋላ ያለው ወሬ

ድሮ ወታደር ነበርኩ። አሁን የምሠራው ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ነው። ማታ ማታ በሐረጎ ጥምዝምዝ ወደ ደሴ ስወጣ የማስበው ግን ያንኑ የድሮውን ነው።

አንድ ግዳጅ ላይ የመገናኛ ሬዲዮናችን መሥራት አቆመ። ከኋላ የቀሩት ልጆች ጥለናቸው የሄድን መስሏቸው ነበር፣ እኛ ደግሞ እነሱ መሄድ ያልፈለጉ መስሎን ተናደናል፣ እንደተኳረፍን ካምፕ ገባን። የመቶ አዛዣችን ሻይ አስፈልተው ሁላችንንም ክብ አስቀመጡን። "ማን አጠፋ?" አላሉም። "አንተ የት ነበርክ? ምን አየህ?" እያሉ በየተራ ጠየቁን። የሬዲዮው ባትሪ ነገር ሲወጣ ኩርፊያው እዚያው አለቀ። ለካ ሁላችንም ቁራጭ ቁራጭ ነው ያየነው።

የአሜሪካ ጦር ይህንን ሥርዓት አስይዞታል። በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ፎርት ኧርዊን በሚባለው የሥልጠና ማዕከል፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው የተጠናከረው። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ምን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ቀጥሎ ምን ይቀየር? ተራው ወታደር "ሻምበል፣ ትዕዛዙ ዘግይቶብናል" ማለት ይችላል።

እኛ ጋ ግን ሰው ክብ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ትዝ የሚለን ግምገማ ነው። ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ ከዚያ መዝገብ። ታዲያ ማን እውነቱን ያወራል? ሁሉም "ጎላ ያለ ችግር የለም" ይላል፣ ችግሩም ለሚቀጥለው ግዳጅ አብሮን ይወጣል።

በፈረንጆቹ 2005 የወጣ የእስራኤል ጥናት ደግሞ ገረመኝ። አቅጣጫ ፍለጋ የሚለማመዱ ሁለት የሻምበል ጦሮች ነበሩ። አንደኛው ስህተቱን ብቻ ተወያየ፣ ሌላው የተሳካለትንም ጨምሮ። የበለጠ የተሻሻለው ሁለተኛው ነው። እኛ የተሳካውን "እሱማ ግዴታው ነው" ብለን ነው የምናልፈው።

ሰው ሞቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ፣ ስሜቱን በአንድ ቁጭታ እንዲዘረግፍ ማድረግ የኋላውን የአእምሮ ጭንቀት እንደማይከላከል ጥናቶች አሳይተዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ወሎ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝርዝር የሚያስለፈልፍ ሰው ነውረኛ ነው። "አብሽር" ትላለህ፣ ትቀመጣለህ። ማውራት ሲፈልግ እሱ ራሱ ይጀምራል። ባትሪውንና ሐዘኑን በአንድ ስብሰባ የሚቀላቅል አዛዥ ሁለቱንም ያበላሻል ባይ ነኝ።

አሁን መጋዘን ውስጥ ጭነት ካራገፍን በኋላ ለትንሽ ደቂቃ እንሞክረው ብያለሁ። አለቃችን ተስማምቷል። የለመንኩት መጨረሻ ላይ እንዲናገር ነው፣ እሱ ከቀደመማ ሌላው ሁሉ "ልክ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። የተጨቃጨቅነው ቃለ ጉባኤ ላይ ነው። እሱ ይያዝ ይላል። እኔ ደግሞ የሚቀየረው ነገር ብቻ ይጻፍ፣ የሰው ስም ወረቀት ላይ እንዳይገባ እያልኩ ነው።