ፕሮሴኮን ከሜዳው እስከ ኮረብታው መቅመስ

ሚላን በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት ክርስትና ወይም ምርቃት ሲኖር የሚከፈተው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ፕሮሴኮ፣ አረፋ ያለው የጣሊያን ወይን ጠጅ፣ ነው። ቡሹ ይፈናጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ለሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ጉንጭ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን የሚያስታውሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ቢራውና ወደ ቀይ ወይን ጠጁ ይዞራል። ይህ ያሳዝነኛል። ፕሮሴኮ ማዕድ ላይ ቁጭ ተብሎ፣ ከምግብ ጋር፣ ቀስ ተብሎ የሚጠጣ ወይን ነው። በሚሠራበት አገር የሚጠጡትም እንደዚያ ነው። ይህን ያየሁት በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ያሉትን የቬኔቶን ኮረብታዎች በእግሬ እየወጣሁና እየወረድኩ ስለሆነ፣ እንዴት እንዳደረግኩትና ምን እንዳገኘሁበት ልንገራችሁ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። አንዱን የወይን ዘር ይዤ፣ ሜዳ ላይ ከበቀለው ጀምሬ ተዳፋቱ ላይ እስከበቀለው ድረስ በቅደም ተከተል መቅመስ። ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት ባሉት ሳምንታት ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን የሜዳውን ፕሮሴኮ በየምሳው ትንሽ ትንሽ እየጠጣሁ ምላሴን አለማመድኩት። ማንም ሰው ወደ ኮረብታው ከመሄዱ በፊት እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ፤ ልዩነትን ለመለየት መነሻ ያስፈልጋል።

ፕሮሴኮ በዋናነት የሚሠራው ግሌራ ከሚባል ነጭ የወይን ዘር ነው። ሕጉ ቢያንስ 85 በመቶው ግሌራ እንዲሆን ያዛል። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘሩ ራሱ ፕሮሴኮ ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ጣሊያን ስሙን ለቦታው ብቻ አስከበረችው፤ ምክንያቱም የዘር ስም ሆኖ ቢቀጥል በየትኛውም አገር ያለ ገበሬ ግሌራን ተክሎ ‹ፕሮሴኮ› ብሎ መሸጥ ይችል ነበር። ዛሬ ስሙን መያዝ የሚችለው በቬኔቶና በፍሪዩሊ ቬኔትሲያ ጁሊያ ክልሎች፣ በዘጠኝ አውራጃዎች ውስጥ የሚመረተው ወይን ነው። ከዚህ ሰፊ ምድር በዓመት ከ600 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ይወጣል፤ አብዛኛው ከሜዳ ነው። በትሬቪዞ አውራጃ፣ ከኮኔሊያኖ እስከ ቫልዶቢያዴኔ ባሉት 15 ወረዳዎች ኮረብታ ላይ የሚመረተው ግን ሌላ ነው። የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ጠርሙሱም ላይ ‹ኮኔሊያኖ ቫልዶቢያዴኔ› እና ‹ሱፔሪዮሬ› የሚሉትን ቃላት ይዞ ይወጣል። ከሜዳ አንድ ሄክታር እስከ 18 ቶን ወይን መልቀም ሲፈቀድ፣ ከኮረብታው የሚፈቀደው 13.5 ቶን ነው። ተክሉ ጥቂት ፍሬ ሲሸከም፣ ያለችውን ፍሬ በደንብ ያበስላታል።

ከቬኒስ ወደ ኡዲኔ የሚሄደው ባቡር ትሬቪዞን አልፎ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ኮኔሊያኖ ያወርዳል። ከተማዋ ቤተ መንግሥቷን ከኮረብታ ላይ አስቀምጣ ከታች የተዘረጋች፣ የሕንፃዎቿ ግድግዳዎች በሥዕል የተሸለሙ፣ ለእግረኛ የምትመች ናት። ካቴድራሏ ውስጥ የልጇ የቺማ ዳ ኮኔሊያኖ የመሠዊያ ሥዕል አለ። ቺማ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእመቤታችንና ከቅዱሳኑ ኋላ የሚሥላቸው ገጠሮች ከእነዚህ ኮረብታዎች የተወሰዱ ናቸው ይባላል፤ ኋላ ላይ ሸንተረሮቹን ሳይ ነገሩ እውነት ሆኖ ተሰማኝ። እኔ ግን ከተማዋን የወደድኩላት ከሁሉ በላይ በትምህርት ቤቷ ነው። አንቶኒዮ ካርፔኔ የተባለው የኬሚስትሪ ሰውና ጆቫኒ ባቲስታ ቼርሌቲ በ1876 በጣሊያን የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ትምህርት ቤት የከፈቱት እዚህ ነው። የአንድ አገር ገበሬ ልጆች አባቶቻቸው በልማድ የሠሩትን በሳይንስ እንዲያውቁት መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ አካባቢው ያለበት ደረጃ ከዚያ ትምህርት ቤት ተነጥሎ አይታይም።

አረፋው ከየት ይመጣል? የሻምፓኝ ሰዎች ሁለተኛውን መፍላት ጠርሙሱ ውስጥ ያደርጉታል፤ ሕጋቸውም ቢያንስ 15 ወር ከሰው ዓይን ርቆ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ፕሮሴኮ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። በ1895 ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ የተባለ ጣሊያናዊ አስቲ ከተማ ውስጥ ሁለተኛውን መፍላት በታፈነ ትልቅ ጋን ውስጥ የማድረግን ዘዴ አስመዘገበ፤ በ1907 ፈረንሳዊው ኤውጄን ሻርማ አሻሻለው። የጎበኘሁት አነስተኛ የቤተሰብ ጠመቃ ቤት ውስጥ ከጣሪያ የሚደርሱ የብረት ጋኖች ቆመው ነበር። አንዴ የፈላው፣ ገና አረፋ የሌለው ወይን ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጋኑ ይዘጋል፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ሲያጣ ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ያልቃል። ይህን አጭር መንገድ ርካሽ ብልሃት አድርገው የሚንቁት አሉ፤ እኔ አልስማማም። የግሌራ ውበቱ የአፕል፣ የፒርና የነጭ አበባ ሽታው ነው፤ ይህ ሽታ ስስ ስለሆነ ከእርሾ ጋር ለዓመታት ቢታሰር የዳቦ ጠረን ይውጠዋል። ፕሮሴኮ ትኩስነቱን የሚጠብቅለትን መንገድ ነው የመረጠው። ለዚህም ነው የተገዛ ጠርሙስ በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት ያለበት። ለልጅ ሠርግ ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ማቆየት ወይኑን መግደል ነው።

ከኮኔሊያኖ ወደ ቫልዶቢያዴኔ የሚወስደው መንገድ በ1966 የተከፈተ፣ በጣሊያን የመጀመሪያው የወይን መንገድ ነው። መኪና መከራየት ይቻላል፤ ነገር ግን የጣሊያን ሕግ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ የሚፈቅደው የአልኮል መጠን 0.5 ግራም ብቻ ነውና ለመቅመስ ለሚሄድ ሰው መሪ መያዝ አይበጅም። አውቶቡስና እግሬን መረጥኩ። አውቶቡሱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ አይመጣም፤ እሑድ ደግሞ ይባስ ብሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማደሪያዬን ቫልዶቢያዴኔ አድርጌ ከዚያ መንደር ለመንደር መሄዱ ተስማማኝ።

ኮረብታዎቹን እንዴት ብዬ ልግለጻቸው? ጠባብና ረጃጅም ሸንተረሮች ጎን ለጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሰልፈዋል። ፀሐይ የምታገኘው የደቡብ ጎናቸው ወይን፣ የሰሜኑ ጎናቸው ጫካ ነው። ተዳፋቱ አንዳንድ ቦታ እጅ ካልያዙ የማያስወጣ ነው። እርከን ስንል እኛ የምናስበው የኮንሶን የድንጋይ ካብ ነው፤ እዚህ ግን ድንጋይ የለም። እርከኑን የሚይዘው ሣር ነው፤ ሥሩ አፈሩን አቅፎ ያቆየዋል። ይህ የሣር እርከን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየተጠበቀ የመጣ ነው፤ ዩኔስኮም በ2019 ኮረብታዎቹን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሣሩ በእጅ ይታጨዳል፤ ወይኑ በእጅ ይገረዛል፣ በእጅ ይለቀማል፤ ማሽን አይወጣም። እዚህ ተዳፋት ላይ አንድ ሄክታር በዓመት 600 ሰዓት ያህል ሥራ ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ የዚህ ሩብ ይበቃል። የሄድኩት በመስከረም የለቀማ ወቅት ስለነበር ሰዎቹ ሳጥን ተሸክመው ሲወጡ አየሁ። ከዚያ በኋላ በጠርሙሱ ዋጋ ላይ ተከራክሬ አላውቅም።

ይኸው መሬት ጦርነትም አይቷል። ከ1917 መጨረሻ እስከ 1918 የጣሊያንና የኦስትሮ ሃንጋሪ ጦር ፒያቬ ወንዝን ይዘው ሲዋጉ ቫልዶቢያዴኔ ግንባሩ ላይ ስለነበረች ፈራረሰች፤ ሕዝቧም ተሰደደ። ዛሬ የምናየው የወይን ማሳ ከዚያ ፍርስራሽ በኋላ እንደገና የተተከለ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። ወይኑ በዓለም ገበያ በተፈለገ ቁጥር ማሳው ወደ ቤቶች ይጠጋል፤ ነዋሪዎች የሚረጨው መድኃኒት ያሳስባቸዋል። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ ገዢውም ስለ አረራረሱ ሻጩን መጠየቅ አለበት ብዬ አስባለሁ።

ወደ ቅምሻው ልመለስ። የምሥራቁ ጎን፣ የኮኔሊያኖ አካባቢ፣ ሸክላ የበዛበት ከባድ አፈር ስላለው ወይኑ ወፈር ያለ፣ ፍሬው ጎላ ያለ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቫልዶቢያዴኔ ስንሄድ ተዳፋቱ ይበረታል፤ ወይኑም ቀጠን ብሎ ሽታው ወደ አበባ ያደላል። ይህን ልዩነት ራሴ ለመለየት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀዳት ነበረብኝ፤ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ መቅመስ አይረዳም። ‹ሪቬ› የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ከአንድ መንደር ተዳፋት ብቻ፣ በአንድ ዓመት ለቀማ የተሠራ ነው። መንደሮቹ 43 ናቸው፤ የመንደሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱም ይጻፍበታል። ኮል ሳን ማርቲኖ ላይ፣ በወይኑ መካከል ብቻዋን ወደቆመችው የቅዱስ ቪጂልዮ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ከወረድኩ በኋላ የዚያኑ መንደር ሪቬ ጠጣሁ። ከጉዞዬ ሁሉ የወደድኩት ወይን እርሱ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የሎሚ ልጣጭ የሚሸት፣ መጨረሻው ላይ ጨው ጨው የሚል።

ዝነኛው ግን ካርቲትዜ ነው። ቫልዶቢያዴኔ ውስጥ 107 ሄክታር ገደማ የሆነ፣ ብዙ ባለቤቶች የተካፈሉት፣ በጣሊያን እጅግ ውድ ከሚባሉት የወይን መሬቶች አንዱ ነው። በልማድ ጣፈጥ ተደርጎ ይሠራል። አስተናጋጄ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የጠመቃ ቤቱ እመቤት፣ «ካርቲትዜ ከኬክ ጋር ነው» እያሉ ከደረቅ ብስኩት ጋር አቀረቡልኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ከጣፋጭ ጋር ይዋደዳል። ለምሳዬ ግን ሪቬን እመርጣለሁ፤ ዋጋውም ይቀላል።

ስለ ጣፋጭነቱ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ገዢ ይደናገራል። ‹ብሩት› የሚለው በሊትር እስከ 12 ግራም ስኳር አለው። ‹ኤክስትራ ድራይ› ከ12 እስከ 17 ግራም፤ ‹ድራይ› የሚለው ከ17 እስከ 32 ግራም። ማለትም ከሦስቱ ጣፋጩ ‹ድራይ› የሚለው ነው። ጠጅ ቤት ገብተን ለስላሳ ወይም ደረቅ ብለን እንደምናዝዘው ሁሉ እዚህም መጀመሪያ ይህን መምረጥ ይገባል፤ የጠማቂው ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቅምሻ ላይ የተቀዳልኝን ሁሉ መጨረስ እንደሌለብኝ መቀበል ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ ባህል የቀዱልንን መመለስ ነውር ነው። እዚያ ግን ጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ ይቀመጣል፤ ቀምሶ መትፋት የሚከበር የባለሙያ ሥራ ነው። ብርጭቆውም ቢሆን ቀጭንና ረጅሙ አይመረጥም፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለው የነጭ ወይን ብርጭቆ ሽታውን ይሰበስባል። ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን። ቡሹንም ማስጮህ አያስፈልግም፤ ቡሹን አጥብቆ ይዞ ጠርሙሱን ከሥር ማዞር ነው፤ ጋዙ ሳይባክን ይከፈታል።

ብዙ ሰው የማይወደው ቢሆንም የግድ የምናገርለት ‹ኮል ፎንዶ› የተባለው ፕሮሴኮ ነው። ጋን ከመምጣቱ በፊት ገበሬው ለቤቱ የሚሠራው ይህን ነበር። ሁለተኛው መፍላት ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ እርሾው ከሥር እንዳለ ይተዋል፤ ስኳር የለውም፤ ደፍረስ ይላል። ከጠላ ጋር ላደገ ሰው አተላው አያስደነግጥም። ከሶፕሬሳ፣ ማለትም ከአካባቢው ወፍራም የአሳማ ቋሊማ፣ ወይም ከካዛቴላ ለስላሳ አይብና ከተጠበሰ ፖሌንታ (የበቆሎ ገንፎ) ጋር ሲጠጣ ምሳው ሌላ መልክ ይይዛል። ካርቲትዜ ማሳዎች መካከል ባለው፣ አስተናጋጅ በሌለው አሮጌ የገበሬ ቤት እንግዳው ራሱ እያነሣ፣ ራሱ እየከፈለ እንዲህ ይበላል።

ሚላን ተመልሼ በእኛው ማዕድ ሞከርኩት። በርበሬ የበዛበት ምግብ ከብሩት ጋር አይስማማም፤ አረፋውና ድርቀቱ ማቃጠሉን ያብሱታል። ኤክስትራ ድራይ ግን ዶሮ ወጥን ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል፤ ያቺ ጥቂት ስኳር በርበሬውን ታበርደዋለች፤ አልኮሉም 11 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ እሳት አይጨምርም። ለጾም በያይነቱ ብሩት ያምራል፤ በተለይ ለጎመንና ለአልጫ ክክ። ኮል ፎንዶን ከአይብና ከለብ ለብ ክትፎ ጋር ያቀረብኩላቸው እንግዶች ጠርሙሱን ባዶ አድርገውታል።

መሄድ ለሚፈልግ፦ በመስከረም ለቀማው ያምራል፣ ጠማቂዎቹ ግን ፋታ የላቸውም፤ ተረጋግቶ ለማውራት ግንቦት ይሻላል። ትናንሾቹ ጠመቃ ቤቶች በራቸውን ክፍት አድርገው አይጠብቁም፤ አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። በቀን ከሁለት ቤት በላይ መያዝ ግን ምላስን ያደክማል። ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝናብ ከጣለ የሣሩ እርከን ያንሸራትታል።