በጓጉንቸርና በሲባጎ የመሬትን ስበት ለካሁ

የስበት ፍጥንጥነት 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር መሆኑን ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄዋለሁ። ቁጥሩን ግን በገዛ እጄ ላገኘው ፈለግኩ። ያስፈለገኝ የማይለጠጥ ሲባጎ፣ አንድ ጓጉንቸር፣ ሜትርና የስልኬ ስቶፕ ዎች ብቻ ነው። ሲባጎውን በር ጉበን ላይ ካለ ሚስማር አሰርኩት፣ ጫፉ ላይ ጓጉንቸሩን አንጠለጠልኩ።

መጀመሪያ 60 ዲግሪ ያህል ስቤ ለቀቅኩትና አንድ ደርሶ መልስ ለካሁ፦ 2.15 ሰከንድ። የሲባጎው ርዝመት 0.96 ሜትር ነበር። ስበትን ከሚወዛወዝ ነገር በሚያሰላው ቀመር መሠረት ርዝመቱን በ39.48 (አራት ጊዜ ፓይ ስኩዌር ማለት ነው) አባዝቼ ለደርሶ መልሱ ጊዜ ስኩዌር ሳካፍል 8.2 ወጣ። በጣም ከፋኝ።

ለካስ ርዝመቱ የሚለካው እስከ ቋጠሮው ሳይሆን እስከ ጓጉንቸሩ የክብደት መሃል ድረስ ነው። 4 ሳንቲሜትር ጎድሎብኝ ነበር። ደግሞም ቀመሩ የሚሠራው ለጠባብ ውዝዋዜ ነው። በ60 ዲግሪ ጊዜው 7 በመቶ ያህል ይረዝማል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

አንድ ዙር ብቻ መለካትም አይሆንም፤ ጣቴ 0.2 ሰከንድ ከዘገየ ከሁለት ሰከንድ ላይ አሥር በመቶ ይወስድብኛል፣ ሃያ ዙር ለክቼ ለ20 ሳካፍለው ግን ያው ስህተት ለእያንዳንዱ ዙር 0.01 ሰከንድ ብቻ ይደርሰዋል። እሺ ብዬ ሃያ ቆጠርኩ። 38.1 ሰከንድ። ስበቱ 10.9 ሆነ! ሰዓቱን ስጀምር «አንድ» ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ስለዚህ የቆጠርኩት 19 ዙር ነው። መነሻው «ዜሮ» መሆን አለበት።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሰዓቱን ከመሃል ማስጀመሬ ነው። ጓጉንቸሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሚሆን ለአፍታ የቆመ ይመስላል፤ መቼ እንደተመለሰ መለየት ያስቸግራል። መሃል ላይ ግን ሽው ብሎ ነው የሚያልፈው። ከጎን ቆሜ የበሩን መቃን ባለፈ ቁጥር ቆጠርኩ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ብቻ። 40.1 ሰከንድ። 9.82!

ደስ ብሎኝ ሌላ ጓጉንቸር ጎን ለጎን አሰርኩበት። ክብደት ለውጥ እንደማያመጣ አውቃለሁ፣ ግን ማየት ሌላ ነው። እጥፍ ክብደት ይዞ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ሃያ ላይ ደረስኩ። ሰዓቱ አሁንም 40.1 ይላል።