የሴቶች ጉዳይ ደብዳቤ የት ይገባል?

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የሴቶች ጉዳይ ክፍል ባለሙያ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራውን ለመረዳት ማንዋል ከማንበብ ይልቅ አንድ ደብዳቤ መከተል ይበቃል።

ደብዳቤው የሴቶችን ጉዳይ ከያዘው ሚኒስቴር ይመጣል። የተጻፈው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጸሐፊዋ ታስገባዋለች፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለሴቶች ጉዳይ» ብለው ይመሩታል። በቃ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። መልሱንም እኛው እንጽፋለን። ሴቶች ከሴቶች ጋር ስንጻጻፍ ዓመቱ ያልቃል። ፕላን፣ ፋይናንስና የሰው ሀብት፣ ማለትም ጉልበት ያላቸው ክፍሎች፣ ወሬውንም አይሰሙ።

ብዙ ሰው ይህን የባለሙያዎቹ ስንፍና ያደርገዋል። እኔ ግን አቀማመጡ ነው እላለሁ። በሽግግሩ መንግሥት ጊዜ የሴቶች ጉዳይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር ነበር። በ1998 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 471 ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። ካቢኔ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ሚኒስቴር ሚኒስቴርን አያዝም። «ትብብር እንዲደረግልን እንጠይቃለን» ነው የሚለው። በዚያ ላይ ቤቱ አይረጋም። በ2003 ሕፃናትና ወጣቶች ተጨመሩ፣ በ2008 ወጣቶች ወጡ፣ በ2011 ተመለሱ፣ በ2014 ደግሞ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ተባለ። በየመሃሉ ማኅተም ይቀየራል፣ ሠራተኛ ይደለደላል። ትናንት ጉዳይሽን የያዘችልሽ ባለሙያ ዛሬ የት እንደተመደበች እሷም ገና አላወቀችም።

ጥቅምት 2011 ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ ቢሮ ውስጥ እልል ብለናል። የእኛ ዳይሬክተር ግን ከዚያም በኋላ ማኔጅመንት ስብሰባ የምትጠራው «እንደ አስፈላጊነቱ» ነበር። አስፈላጊነቱን የሚወስኑት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

እኔ የያዝኩት ጉዳይ የሕፃናት ማቆያ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን ሲያሳድግ፣ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁም ደንግጎ ነበር። ሕጉ ነበረ፣ ክፍሉ አልነበረም። እናቶቹ ሽንት ቤት ገብተው ጡታቸውን እያለቡ ይሠሩ ነበር።

መጀመሪያ የነካሁት «ጉዳዩ፦» የምትለዋን መስመር ነው። ሚኒስቴር ላለችው ባለሙያ ደወልኩና «የኔ እህት፣ የሴቶችን ተሳትፎ ስለማሳደግ የሚለውን ተይልኝ። የበጀት ዝግጅትን ይመለከታል በይው። አዋጅ 970ንም ጥቀሺልኝ» አልኳት። ይህ የ2008ቱ የፋይናንስ አስተዳደር ማሻሻያ በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ እንዲታይ ያዛል። የሴቶች መብት ሰነድ ሳይሆን የገንዘብ ሕግ ነው፣ የፋይናንስ ሰዎች የሚፈሩትም እሱን ነው። ደብዳቤው መጣ። ኃላፊው «ለፕላንና በጀት» ብለው መሩት፣ ለእኛ ግልባጭ ደረሰን። ከዚያ ወዲያ መልስ የመስጠት ዕዳው የሌላ ሰው ሆነ።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጥያቄው ግን የሚዘጋጀው ከወራት በፊት ነው። እኛ ጋ ስለ ሴት የሚወራው ማርች 8 ሲደርስ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ ቲሸርት ለብሰን፣ ዳቦ ቆርሰን «ማቆያ ይከፈትልን» ስንል ሰነዱ ታስሮ ሊወጣ ደርሷል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ኅዳር አመጣሁት። የበጀት ባለሙያው ጋሼ (ስማቸው ይቆየኝ) አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ፎርሙን አስተማሩኝ። «ኮድ የሌለው ነገር ብር የለውም» ይሉኛል፤ ኮድ የሚሉት እያንዳንዱ የወጪ ዓይነት በበጀት የሚያዝበትን ቁጥር ነው። እውነታቸውን ነው። «የሴቶች አቅም ግንባታ» ብለሽ ደፍነሽ ከላክሽ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የሞግዚት ደመወዝ ብለሽ በየኮዱ ስትበትኚው ግን ቆራጩም ይቸግረዋል።

ከሰው ሀብት ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወሰዱትንና ሥራ የለቀቁትን ሴቶች ቁጥር አስወጣሁ። ስም አላካተትኩም። ማኔጅመንት ፊት ስለ እኩልነት አንድም ቃል አልተናገርኩም። ልምድ ያላት ሠራተኛ ስትለቅ በእሷ ቦታ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖ፣ ቀጥሮ እስኪያለማምዱ የሚፈጀውን ነው ያወራሁት። ይህ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። መብትን በወጪ ቋንቋ መለመን ደስ አይልም። ግን ያን ቀን ክፍሉ ተፈቀደ።

ክፍሉ ምድር ቤት ሲሆን የተሰበረ ወንበርና የሞተ ኮምፒውተር የታጎረበት ነበር። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ስንት ተለመነ። ከዚያ ግዥ። የግዥው ልጅ ዝርዝሩን አይቶ «ፖፖ ስፔሲፊኬሽኑ ምንድነው?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። የምሩን ነው። ያለ ስፔሲፊኬሽን ጨረታ አይወጣም። እናቶቹን ሰብስቤ ቁመት፣ ስፋት፣ «ጠርዙ የማይቆርጥ፣ ቢገፉት የማይገለበጥ» ብለን ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን ሰጠነው። የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ፖፖ ያለን እኛ ሳንሆን አንቀርም።

ሞግዚቶቹ ላይ ግን አሁንም አልተሳካልንም። በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር «ሞግዚት» የሚባል የሥራ መደብ ስላልነበረ በኮንትራት ነው የተቀጠሩት። ውላቸው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ በየሰኔውም ማራዘሚያ እጽፋለሁ። መደቡ ይፈቀድልን ብለን የጻፍነው ጥያቄ ደግሞ ከላይ ተመልሶ መጥቷል። ጠርዙ ላይ «ለሴቶች ጉዳይ፣ አስተያየት እንዲሰጡበት» ይላል።